ቀድሞኝ የደረሰው

«ፈጠራ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልፈርድበትም። በገዛ ጆሮዬ ባልሰማው እኔም አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል።

ማክሰኞ ዕለት... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል... ፀሐይዋ መስኮቱን እየጠበሰችው... በምሠራበት የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ውስጥ።

አሥራ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ከእኛ ከተማ እህቴ እስከምትኖርበት ከተማ በአየር አምስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ነፋስ ከኋላ ቢገፋው አንድ ሰዓት። ከዚያ በታች... አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ታናሽ እህቴን እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ጋ ሁለት ሳምንት ከርማ ወደ ባሏ እየተመለሰች ነበር። ትኬቷን ራሴ ቆረጥኩላት። የመስኮት ወንበር።

አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሣ።

ስምንት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

«ጋሼ... ደረስኩ» አለች በሹክሹክታ።

ሳቅኩ። «የት? ደመና ላይ?»

«ኧረ ወርጃለሁ። ግን አንተ... እንዴት ቀደምከኝ?»

«ምን?»

«መውጫው በር ላይ ቆመሃል እኮ። እጅህን እያውለበለብክልኝ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እኔ ቢሮ ነኝ» አልኳት።

ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ የለም። የሻንጣ ጋሪ ድምፅ የለም። ምንም።

«ታዲያ ይሄ... ወደ እኔ እየመጣ ያለው ማነው?»

«አትጠብቂው! ሰው ወዳለበት ሂጂ!»

«ጋሼ... እዚህ ሌላ ሰው የለም።»

ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። ዝግ ነው። እንደገና። ዝግ ነው።

ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ ፊቴን አይታ ደነገጠች። የበረራውን መረጃ ከፈተችልኝ።

«ምን ሆነሃል? ገና ሰማይ ላይ ናቸው። አርባ አምስት ደቂቃ ይቀራቸዋል።»

«አሁን አናገረችኝ።»

«ከሰማይ?»

ስልኬ ላይ የጥሪውን ሰዓት አሳየኋት። ውሃ ሰጠችኝ።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ «አርፏል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የእህቴ ስልክ ግን እንደተዘጋ ነው። ሩብ ሰዓት እንደምንም ታግሼ ባሏ ጋ ደወልኩ። መኪና ይዞ ሊቀበላት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

«አቤት?» አለ። ሞተሩ ይሰማል።

«እኔ ነኝ። እህቴ ደረሰች?»

ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ በሞቴ! ከኋላዬ ተቀምጠህ ትደውልልኛለህ?»



«ስማኝ... እኔ አልመጣሁም።»

«እኔስ የገረመኝ እሱ አይደል! አብራችሁ ስትወጡ ሳይ... እንደምትመጣ እኮ አልነገረችኝም።»

ሳቁ ግን እየሟሸሸ ሄደ... በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ መሰለኝ።

«ቆይ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጅህ ላይ ስልክ የለም።»

«እህቴስ?»

«ትከሻህ ላይ... ትከሻው ላይ ተኝታለች። መኪና ከገባን ጀምሮ አልነቃችም።»

«አቁም! ሰው መሃል መኪናውን አቁም!»

«እሺ... እሺ... ጋሼ፣ እጁን ዘረጋ። ስልኩን እየጠየቀኝ ነው።»

«አትስጠው!»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ... ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይሰማል።

የሞተሩ ድምፅ ጠፋ።

አንድ ሰው በእርጋታ ጉሮሮውን ጠረገ። አጠራረጉ የእኔ ነው።

ከዚያ በራሴ ድምፅ... የማያውቁት ሰው ሲደውል እንደሚባለው፣ በትህትና...

«ማን ልበል?» አለኝ።