የአረንጓዴው ባቡር ቁልፍ

«ለልጁ ሰጠሁት አልኩሽ እኮ! እሪ ሲል ምን ላድርግ?»

ሰጂዳ መደርደሪያው ፊት ቆማ ባዶውን ቦታ አየች። በድሮ ሞዴል የተሠሩት የቆርቆሮ ባቡሮቿ እንደተደረደሩ ናቸው፤ በቁልፍ እየተጠመዘዘ የሚሄደው አረንጓዴው ግን የለም።

«እማማ፣ ኮሌክሽን ነው! አሻንጉሊት አይደለም! ሲሪየስሊ?»

«ታዲያ የእንግዳ ልጅ እያለቀሰ ከቤቴ ይውጣ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ አያቷ እማማ ሐኪማ።

ይህ የሆነው ቅዳሜ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የባቡሩ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ባቡሩን የወሰደው የአምስት ዓመቱ ሱሃይብ ጣቱን ቢቆርጠውስ? እማማ ቁርስ አልበላ አላቸው።

«መጀመሪያ ለምን ሰጡት ታዲያ?»

«አትጩኺብኝ! አባትሽ ይንዳልን፣ እንሂድ። ‹ተበላሽቷል፣ ላሠራው› ብለሽ ትቀበያቸዋለሽ። እኔ የሰጠሁትን መልሱ አልልም።»

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቋል። እማማ መንገዱን ሙሉ ስለ ቴታነስ አወሩ። አባቷ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ሰጂዳ ኪሷ ውስጥ የባቡሩን ቁልፍ ጨበጠች፤ እማማ ባቡሩን ሲሰጡ ቁልፍ እንዳለው እንኳ አላወቁም።

የሱሃይብ እናት ዘምዘም በሩን ከፈተች። ልጁ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ባቡሩን በእጁ እየገፋ «ቹ ቹ!» ይላል። ስለታሙ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ተሸፍኗል።

«አይሄድም እኮ» አለች ዘምዘም እየሳቀች። «ተበላሽቶ ነው እንዴ?»

እማማ ሰጂዳን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «አዎ» ካለች ባቡሩ እጇ ገባ ማለት ነው።

ሰጂዳ ግን ቁልፉን አወጣች። ባቡሩን በቁልፉ ጠምዝዛ ለቀቀችው። እየተንጣጣ ሶፋው ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። ሱሃይብ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አልተበላሸም» አለች። «የኔ ነው። እኔ ሳላውቅ ነው የተሰጠው፣ ሶሪ። ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ያ አላህ!» እማማ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

የሱሃይብ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሰጂዳ ቶሎ ብላ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን አንተ ያዘው። እኛ ቤት ስትመጣ ይዘኸው ና። አንተ ካልመጣህ ባቡሩ አይነሳም፣ ኦኬ?»

ሱሃይብ ቁልፉን ጨበጠ። አላለቀሰም።

«ቢውጠውስ?» አሉ እማማ ከሻርፓቸው ሥር።

ሰጂዳ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያም የዘምዘምን የመኪና ቁልፍ ተቀበለችና፣ ሱሃይብ እያየ ትንሿን ቁልፍ ከመዳፉ ወስዳ የመኪናው ቁልፍ ቀለበት ላይ አንጠለጠለቻት።