ያልጮኸው ደወል

አንደኛ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ደረጃዋ ከአንድ ቁጥር ወርዶ ስለማያውቅ አባቷ «አንደኛ» ብሎ ጠራት፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። የምትኖረው ከእናቷና ከአባቷ ጋር ነው። ቤታቸው ከጋራዥ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አባቷ የመኪና ፍሬን ይጠግናል። እናቷ ልብስ ትሰፋለች።

ልጆች፣ ጎበዝ መሆን መልካም ነው። እኔም ጎበዝ ተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ጉብዝናዋ አይደለም።

በዚያ ዓመት አንደኛ በምትማርበት ትምህርት ቤት አዲስ ክበብ ተቋቋመ። የቴክኖሎጂና የአመራር ክበብ ይባላል። የሳይንስ መምህሩ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን አደረጋቸውና «እያንዳንዱ ቡድን ለትምህርት ቤቱ የሚጠቅም አንድ ነገር ይሠራል። መሪያችሁን ራሳችሁ ምረጡ» አላቸው።

አንደኛ ያለችበት ቡድን አራት ልጆች ነበሩት። ሁለቱ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ይጨርስለታል። አራተኛዋን ሹክሹክታ ይሏታል። ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነው። ስታወራ ጆሮህን አፏ ላይ ካልደቀንክ አትሰማትም። እጆቿ ግን ወርቅ ናቸው። አጎቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆነ ሽቦ መበየድ ከእሱ ተምራለች።

መሪ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ አንደኛ ጠቆሙ። አንደኛም አልተግደረደረችም።

ምን እንሥራ ብለው ተማከሩ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል ከግቢው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ከኋላው ቦይ አለ። ዝናብ ሲበረታ ቦዩ በቅጠል ይደፈንና ውኃው ወደ ክፍሉ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው የጽዳት ሠራተኛ ደመና ባዩ ቁጥር መወልወያቸውን ጥለው፣ አካፋ ይዘው ቦዩ ጋ ይቆማሉ። በብርድ፣ በዶፍ፣ ልብሳቸው እስኪበሰብስ።

«ደወል እንሥራላቸው» አለች ሹክሹክታ። «ሁለት ሽቦ ቦዩ ውስጥ እናወርዳለን። ውኃው ከፍ ብሎ ሽቦዎቹን ሲነካ ደወሉ ይጮኻል። እትዬም ያን ጊዜ ይመጣሉ።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሦስት ሳምንት ሠሩት። ሹክሹክታ በየደች። መንትዮቹ ሳጥኑን ቆርጠው ቀለም ቀቡት። አንደኛ ሥራውን ታከፋፍላለች፣ ታስተባብራለች፣ ትጽፋለች። እውነቱን ለመናገር በደንብ ትመራ ነበር።

ክበቡ አንድ ሕግ ነበረው። ማንኛውም ዕቃ ከመሰጠቱ በፊት አሥር ጊዜ መሞከር አለበት። መሪው የሙከራ ቅጹ ላይ በእያንዳንዱ ሙከራ ፊት ራይት ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ ይፈርማል።

የየቡድኑ ሥራ በሚታይበት የወላጆች ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት ላይ፣ ሙከራውን ጀመሩ። አንዱ መንትያ ውኃ አፈሰሰ። ደወሉ ጮኸ። ሁለተኛም ጮኸ። ሦስተኛም። በአራተኛው ዝም አለ።

ሹክሹክታ ሳጥኑን ከፍታ ሽቦውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ይቺ ብየዳ ላዩን ነው የያዘችው። ውስጧ አልያዘም። ፈትቼ እንደገና መበየድ አለብኝ።»

«አሁን ሥሪያት» አለች አንደኛ።

«መበየጃው ሌላ ቡድን ጋ ነው። ሰኞ ነው የሚመልሱልን።»

«የወላጆች ቀን እኮ ነገ ነው» አለች አንደኛ። ሽቦውን ገፋ አደረገችው። ደወሉ ጮኸ። «ይኸው፣ ሠራ።»

«አሁን ሠራ። ግን...»

«የቸኮለች...» አለ አንዱ መንትያ።

«...አፍሳ ለቀመች» አለ ሌላው።

«መሪው ማነው?» አለች አንደኛ።

ሹክሹክታ ሳጥኑን ዘጋችው። አንደኛ ብቻዋን ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ሦስት ራይት ነበራት። ቅጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። ነገ አባቷና እናቷ ይመጣሉ። የአብዛኞቹ ቡድኖች ዕቃ ተሠርቶ አልቋል። ‹ሰኞ እናስተካክለዋለን› አለች በልቧ። ከዚያ ሰባት ራይት ጨመረችና ፈረመች።

ልጆች፣ ሰባት ራይት ለማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ትንፋሽ እስክትስቡ ያልቃል። የሚያስከትለው ግን ቶሎ አያልቅም።

በማግስቱ ደወሉ በወላጆች ፊት ጮኸ። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ከኋላ መጥተው የአራቱንም ልጆች ግንባር ሳሙ። «እደጉልኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር መደብደቤ ቀረ። ጆሮዬን ለእናንተ ደወል ሰጥቻለሁ።»

ሹክሹክታ አንደኛን አየቻት። አንደኛ ወደ ሌላ ዞረች።

ሰኞ መበየጃው መጣ። ደወሉ ግን የሕፃናቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «እናውርደው» አለች ሹክሹክታ። «አሁን ብናወርደው ሰው ምን ይላል?» አለች አንደኛ። ሰኞ አለፈ። ሌላም ሰኞ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ወረደ። እትዬ ፎቅ ላይ ደረጃ ይወለውሉ ነበር። በመስኮት ዝናቡን አዩት። ጆሯቸውን ቀሰሩ። ደወሉ ዝም ብሏል። ‹ውኃው ገና ነው ማለት ነው› ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ታች ሕፃናቱ ፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር። ውኃው በበሩ ሥር ገባ። መምህርታቸው ስታየው ፍራሹ ርሷል። ሁለት ልጆች አቅፋ ወጣች፤ የቀሩት ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ የሰሙት ደወል ሳይሆን ይህን ለቅሶ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት አያውቁም። ሁለቱ ሴቶች እየተመላለሱ ሕፃናቱን አወጡ። አንድም ልጅ አልተጎዳም። የመጨረሻዋን ሕፃን ይዘው ሲወጡ ግን እትዬን የበሩ ደፍ ላይ አዳለጣቸው። ሕፃኗን ከደረታቸው አልለቀቁም። በእጃቸው መሬቱን መደገፍ ስላልቻሉ በክንዳቸው ወደቁ፤ ክንዳቸውም ተሰበረ።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ አራቱን ልጆች ቢሮ አስጠሩ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የሳይንስ መምህሩ ሽቦውን ሳብ አደረገው። ወልቆ እጁ ላይ ቀረ።

«ይህን የበየደው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሹክሹክታ።

ዳይሬክተሩ ቅጹን አዩት። «አሥር ራይት አለ። ተፈርሟል። እንግዲህ ሙከራው ሙሉ ነው። ጥፋቱ የብየዳው ነው ማለት ነው።»

ሹክሹክታ መሬት መሬቱን አየች። መንትዮቹ አንደኛን አዩዋት፤ ያኔ ግን የአንዱም አፍ አልጀመረ፣ የሌላውም አልጨረሰ። አንደኛ አፏን ከፈተች። «ሙከራው ሦስት ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

በዚያው ቀን በሰልፍ ላይ ሹክሹክታ ከክበቡ መሰናበቷ ተነገረ። ወላጅ እንድታመጣም ታዘዘች። ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ስትወጣ ማንንም አላየችም።

አንደኛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ ውስጥ ቆመች። አንድ ደንበኛ አባቷን ያጣድፋል። «በቃ ስጠኝ ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ።»

«ሳልሞክረው አልሰጥህም» አለ አባቷ። መኪናውን አውጥቶ ግቢውን ዞረ፤ ሁለቴ ሦስቴ ፍሬን ያዘ፤ ከዚያ ቁልፉን ሰጠ። ሰውዬው እያጉረመረመ ሄደ።

«አባዬ» አለች አንደኛ፣ «ሳትሞክር ሰጥተህ ታውቃለህ?»

አባቷ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «አንዴ። አንቺ ሳትወለጂ።»

«ከዚያስ?»

«ሰውዬው ከግንብ ጋር ተጋጨ። እስካሁን ያነክሳል። ያኔ ዕቃው ነው የተበላሸው ብዬ ካድኩ። አመኑኝ። ከዚያማ ያን ሰው ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ሁለት ዓመት መንገድ ስቀይር ኖርኩ። አንድ ቀን የምቀይረው መንገድ አለቀብኝ። ቤቱ ሄጄ ነገርኩት።»

«ምን አለህ?»

«ብዙ ነገር አለኝ። ሁሉም ይገባኝ ነበር።»

አንደኛ እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቅጹን፣ ሰባቱን ራይት፣ ሹክሹክታን፣ ሁሉንም ነገረችው። አባቷ አልተቆጣም፤ ፊቱ ግን ከበደ።

«ሰኞ እስከ በሩ አብሬሽ እመጣለሁ» አላት። «የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ሰኞ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና «አምላኬ ሆይ፣ አፌ እንዳይያዝ እርዳኝ» አለች። ልጆች፣ ጸሎት ረዥም ካልሆነ አይሰማም ያላችሁ ማነው?

የሹክሹክታ ስም የጠፋው በሰልፍ ላይ ስለነበር አንደኛም በሰልፍ ላይ እንድትናገር ዳይሬክተሩን ለመነች። ፈቀዱላት። ሰልፉ ፊት ወጣች።

«ደወሉን አሥር ጊዜ አልሞከርነውም» አለች። «ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ በአራተኛው ዝም አለ። ሹክሹክታ እናስተካክለው ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰባቱን ራይት የጨመርኩትም እኔ ነኝ። ዓርብ እሷ ስትወቀስ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ዳይሬክተሩ ሹክሹክታን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቋት፤ ወደ ክበቡም መለሷት። አንደኛ ከመሪነቷ ወረደች። መምህሩ «ልትቆዪ ትችያለሽ፤ ግን እንደ ማንኛውም አባል» አላት።

አንደኛ ወደ ሹክሹክታ ሄደች። «ይቅር በይኝ።»

«ዓርብ እናቴ አለቀሰች» አለች ሹክሹክታ። ያን ቀን ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ። ከዚያ ጥላት ሄደች። ልጆች፣ ይቅርታ የጠየቅነው ሰው ወዲያው እሺ የማለት ግዴታ የለበትም።

ከሰዓት በኋላ አንደኛ ከአባቷ ጋር እትዬ ቤት ሄደች። እትዬ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ፀጉራቸውን ለማበጠር እየሞከሩ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው።

እትዬ ማበጠሪያውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ያመመኝ ክንዴ ብቻ አይደለም። ባላምናችሁ ኖሮ ቦዩ ጋ ቆሜ ነበር።»

አንደኛ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እትዬ በደህናው እጃቸው አነሷት።

«ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ» አሉ። ቀጥለውም «ይቅርታ ግን ቦይ አይጠርግም» አሉ።

አንደኛ ገባት። ከማግስቱ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ የመግቢያ ደወል ሳይደወል ቀድማ እየመጣች የቦዩን ቅጠልና ጭቃ በአካፋ ትጠርግ ጀመር። እጇ ውኃ ቋጠረ። አንዳንድ ልጆች «አንደኛ በቦይ!» እያሉ አሾፉባት። አልመለሰችላቸውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከጀርባዋ ሌላ አካፋ መሬቱን ሲፍቅ ሰማች። ዞር ስትል ሹክሹክታ ናት። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች ጀምረው መሐል ላይ ተገናኙ።

የእትዬ ጀሶ ሊፈታ ሲቃረብ ደወሉ እንደ አዲስ ተበየደ። አሁን መሪዋ ሹክሹክታ ናት። መንትዮቹ ውኃ ያፈስሳሉ፤ አንደኛ ቅጹን ይዛለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት ጮኸ። በሰባተኛው ዝም አለ።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ መሽቷል ሊባል ትንሽ ቀርቶታል፤ ሁሉም ደክሟቸዋል። ሹክሹክታ አንደኛን አየቻት።

አንደኛ ስድስት ራይት ያለበትን ቅጽ ለሁለት ቀደደችው። ከደብተሯ ውስጥ ባዶ ቅጽ አወጣች።

«መበየጃውን አቀብሉን» አለች። «ከአንድ እንጀምራለን።»

ልጆቼ፣ ሰው አምኖ የሰጠንን ሥራ ሳንፈጽም ፈጽመናል ማለት ያመነንን ሰው መጉዳት ነውና፣ ሁልጊዜ እውነቱን እንናገር፤ ከበደልንም ጥፋታችንን በሌላ ላይ ሳንጥል በገዛ አፋችን ተናዝዘን በገዛ እጃችን እናስተካክል።