ጨው ያልነካው ጉድጓድ

ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን ማለዳ፣ ከወለቃ ወዲያ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ አጠገብ፣ ሬሳውን ከሰው ሁሉ ቀድማ ያገኘችው ላም ነበረች። ላሚቱ የአያ አለኸኝ ናት። ሽማግሌው ጠፍታበት ሲፈልጋት፣ በማሳው ላይኛ ጫፍ ከተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ቆማ አንድ ነገር ስትልስ ደረሰባት። የምትልሰው የሰው እግር ነበር።

የእግሩ ባለቤት ንብረት የሚባል መምህር ነው። ንብረት ከዩኒቨርሲቲው የመጣ የአፈር ተመራማሪ ሲሆን፣ በመንገዱ ዳር የሚደርቀው ተክል ምን እንደነካው ሲመረምር ሳምንት አልፎታል። የአያ አለኸኝን ጩኸት የሰሙት የካምፑ ሰዎች ተሯሩጠው መጡ፤ በመሯሯጣቸውም የነበረውን ዱካ ሁሉ ረጋግጠው አጠፉት። ከሬሳው ሥር ደም የነካው ዶማ ተገኘ። ዶማው የአያ አለኸኝ ነው። ትናንት ረፋድ ደግሞ ሽማግሌው በሟቹ ላይ ሲጮኽ ሁሉም ሰምተዋል። ለመፍረድ ለቸኮለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ኢንጅነር ኢዮስያስና ዘበኛው አዳነ ሽማግሌውን ጎትተው ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ቆለፉበት።

ኢንስፔክተር ሥርጉት እዚያ ያደረችው በግዷ ነው። ትናንት ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስትመለስ ያሳፈራት አይሱዙ፣ ወንዙ ድልድዩን ውጦ ሲያገኘው እሷን ካምፑ በር ላይ አውርዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። እሱ ካለፈ በኋላ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋው። እሷም መውጫ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ዳር ስትንከራተት ውላ፣ ማታ ጫማዋን አጥባ ከከሰል ዳር አደረቀች። ሠራተኞቹ ለፍልሰታ ወደየቤታቸው ሄደዋል። በናዳውና በወንዙ ሙላት መካከል የቀሩት ካምፑ፣ የአያ አለኸኝ ቤትና ማሳ፣ አንድ ሬሳና አምስት ሰዎች ናቸው። ከአምስቱ አንዷ ራሷ ሥርጉት ናት። ገዳዩ ሊወጣ አይችልም፤ እሷም እንዲሁ።

ወደ ጎንደር ደውላ ለአለቃዋ ነገረችው።

«በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ዶዘሩ በዘጠኝ ሰዓት ናዳውን ጠርጎ መንገዱን ይከፍታል» አላት። «ተጠርጣሪውን አዘጋጅተሽ ጠብቂ፤ ሬሳውንም በዚያው እናነሣለን።»

መጀመሪያ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደች። አያ አለኸኝ ጋቢውን ተከናንቦ ብረቱ ወለል ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሁለት ሰዓት ነው፣ አያ አለኸኝ።»

«በዘጠኝ ሊወስዱኝ ነው አሉ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚያ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም።»

«ትናንት ለምን ጮኹበት?»

«ማሳዬ መቼ ይድናል ብዬ ብጠይቀው፣ አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አለኝ። ታዲያ አልጩህ? የጮኽሁት ወሬው ላይ ነው እንጂ ልጁ ላይ አይደለም። ልጁስ ሸጋ ነበር። አፈሩን በምላሱ ቀምሶ ‘አያ፣ ይኸ ጨው ነው’ ያለኝ እሱ ነው። እኔማ እርግማን መስሎኝ ጠበል ስረጭ ከርሜ ነበር።»

«ዶማውስ?»

«እኔው ነኛ ያዋስሁት! ሦስቱን ጉድጓድ በምን ይቆፍር? እሱው ጋ ነው ሲያድር የሰነበተ።»

ሥርጉት አመነችው፤ ነገር ግን እምነት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በሩን መልሳ ዘጋችበት።

ከሦስቱ ጉድጓዶች አንዱ ከመንገዱ ዳር፣ ሁለተኛው ከማሳው መሐል፣ ሦስተኛው ሬሳው ያለበት የላይኛው ነው። ታችኛው አፈር ውሃ አቁሮ እንደ ገንፎ ተለውሷል። የላይኛው ግን ቀይ፣ ፍርፍር ያለ፣ የትናንቱን ዝናብ ጠጥቶ የጨረሰ አፈር ነው። ንብረት በማስታወሻው «ጨው ያልነካው፤ ለማነጻጸሪያ» ብሎ ጽፎታል። ካምፑ ከዚያ አርባ እርምጃ አይርቅም።

ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ ነው። ቀኝ መዳፉ ቀይ አፈር ጨብጧል፤ በጉድጓዱ ግድግዳም ላይ አራት የጣት ጭረት አለ። ሥርጉት ጭረቱን ስታይ ገባት። ሰውየው እዚህ ሲገባ በሕይወት ነበር።

ላሚቱ ተመልሳ መጣችና እንደገና ሱሪውን መላስ ጀመረች። ሥርጉት አባረረቻትና የሟቹን ቦቲ ጫማ ስባ አወጣች። ከውስጡ ነጭ ነገር ተንኮሻኩሾ ረገፈ። አንዱን ፍሬ በምላሷ ነካችው። ያልሟሟ፣ ደረቅ ጨው ነው።

ይህ ጉድጓድ ደግሞ እዚህ የተቆፈረው ጨው ስለሌለ ነው።

የካምፑን ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገረች። መጀመሪያ የመጋዘን ኃላፊዋን የትነበርሽን ጠራቻት፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

«ጨዉ ለምንድን ነው?»

«ለአቧራው ነው። በበጋ ነዋሪው በአቧራ ሲታመም፣ ጨው በውሃ እየበጠበጥን መንገዱ ላይ ረጨን። ጨው እርጥበት ይይዛል። ያን ጊዜ ሰው መረቀን። ሰኔ ሲገባ ታጥቦ ወደየጓሮው ወረደ፤ ጌሾውም ድንቹም ነደደ። አሁን ይረግመናል።»

«የቀረው ጨው የት አለ?»

የትነበርሽ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሰረቅ አድርጋ አየችና ዓይኗን ወደ ጣቶቿ መለሰች። «ኢንጅነርን ይጠይቁት።»

«ከመጋዘኑ ጀርባ ትሄጃለሽ?»

«በየቀኑ እሄዳለሁ። ውሃው ያለው እዚያ ነው።»

አዳነ ደግሞ ሳይጠየቅ ያወራል።

«መምህሩ ማታ በእኔ በር አልገባም፣ ኢንስፔክተር። በሚካኤል!»

«በሌላ በኩልስ?»

«የኋላው ሽቦ ተቀዷል። ያቺ ላም በዚያ እየገባች የመጋዘኑን ጀርባ ልሳ ልትጨርሰው ነው። በቀን ስንት ጊዜ እዚያ ሄጄ አባርራታለሁ መሰለዎት!»

በመጨረሻ ኢዮስያስ መጣ። ጨዋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሰው እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ፣ የእሱ የቆዳ ጫማ ብቻ እርጥብና ንጹሕ ነው።

«ጫማህ ያምራል» አለችው።

«ለክረምቱ ብዬ በሐምሌ የገዛሁት ነው። እዚህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«በዚህ ጭቃ እንዴት እንዲህ ጠዳ?»

«ሬሳ ካለበት የተመለሰ ሰው አይታጠብም እንዴ?»

«ልክ ነህ፤ ይታጠባል። ማታ የት ነበርክ?»

«ቢሮዬ። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልወጣሁም።»

«ከመጋዘኑ ጀርባስ?»

«ክረምት ከገባ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። እሱ የየትነበርሽ ክልል ነው። ይልቅ ሽማግሌው ምን አለ?»

«አልገደልሁም አለ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ኢዮስያስ።

ሥርጉት ወደ መጋዘኑ ጀርባ ዞረች። ሣር የሚባል የለም። መሬቱ በቅርቡ ተቆፍሮ ተደፍኗል፤ ከአፈሩ ውስጥ የጆንያ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ በላዩ ጨው ተበትኗል። ቁልቁል ሲታይ ከወንዙ ማዶ የሰፈሩ ነዋሪዎች የሚቀዱት ምንጭ አለ። ከጎኑ ጨው የሚበጠበጥበት የብረት ታንከር ቆሟል። በጠርዙ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል፣ ሦስት ፀጉር ተጣብቋል።

ቦታው ተገኘ፤ ሰውየው ግን አልተገኘም። እዚህ የትነበርሽም ትመጣለች፣ አዳነም ይመጣል። ወደ ካምፑ ማድቤት ገብታ ጫማዋን በበርሜሉ ውሃ አጥባ ከከሰሉ አጠገብ አስቀመጠችው። ከሩቅ የዶዘሩ ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ እንደዚያን ቀን ጠልታው አታውቅም፤ መንገዱ ሲከፈት የሚዘጋው በአያ አለኸኝ ላይ ነው። እሱ ከተወሰደ ሁሉም ይበተናል፤ ኋላ ማን መልሶ ይሰበስባቸዋል?

አንገቷን ደፍታ ስታስብ ዓይኗ ጫማዋ ላይ አረፈ። እየደረቀ ነው። አጥባ ያጸዳችው ጫማ ዙሪያውን ነጭ መስመር አውጥቷል።

በስምንት ሰዓት ሁሉንም ማድቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አያ አለኸኝንም ከኮንቴይነሩ አስወጥታ ከከሰሉ ዳር አስቀመጠችው።

«ብርድ ነው፤ ጫማችሁን አውልቁና ይድረቅ» አለች። የሁሉንም ተቀብላ በአንድ ረድፍ ደረደረችው። ኢዮስያስ ትንሽ ዘግይቶ አወለቀ።

«መምህር ንብረት የሞተው በጉድጓዱ ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። «መዳፉ ያሳያል። የወደቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቦቲው ውስጥ ደረቅ የጨው ፍሬ ነበር፤ በማሳው ላይ ያለው ጨው ሁሉ ከሟሟ ወራት አልፎታል። የጨው ፍሬ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ፀጉሩንም እዚያው ታንከሩ ላይ አግኝቼዋለሁ።»

የትነበርሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አያ አለኸኝ ገድለው ቢሆን ኖሮ ሬሳውን ከካምፑ አውጥተው ወደ ራሳቸው ማሳ፣ ከራሳቸው ዶማ ጋር ለምን ይወስዱታል? በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው አላውቅም። ስለዚህ ካምፑ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ትሄዳላችሁ ወይ? የትነበርሽ በየቀኑ አለችኝ። አዳነም ሳልጠይቀው እንደዚያው አለኝ። የእነሱ ጫማ ቢነጣ ምንም አይለኝም። አንተ ግን ረግጬው አላውቅም አልክ።»

«አዎ፣ አልረገጥሁም» አለ ኢዮስያስ።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። ጫማህን እየው።»

ሁሉም ወደ ከሰሉ ዞሩ። ጠዋት የጠዳው የቆዳ ጫማ፣ ከስፌቱ በላይ ዙሪያውን ነጭ ሆኗል።

«ካጠብሁት በኋላ...»

«ውሃ ላዩን ያጥባል፤ የሟሟው ጨው ግን ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይወጣል። ንብረት የአያ አለኸኝ ማሳ ላይ ሲመረምር የነበረው ይህንኑ ነው።»

«ከመንገዱ ዳር የነካኝ ነው! እዚህ ሁሉም ቦታ ጨው አለ!»

«እኔም እንደዚያ ይሆን ብዬ ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ዳር ስንከራተት ውዬ፣ ማታ ጫማዬን አጥቤ አድርቄው ምንም አላወጣም። ዛሬ ከመጋዘኑ ጀርባ አንዴ ረገጥሁ፤ ይኸው። እኔም እንደ ንብረት ማነጻጸሪያ ነበረኝ።»

ኢዮስያስ ባዶ እግሩን ሰበሰበ። በሩ ላይ አዳነ ቆሟል። መውጫ የለም።

«የተረፈውን ጨው አስቀበረን» አለች የትነበርሽ ድንገት። «ከምንጩ በላይ መሆኑን ነግሬው ነበር! ዝም በይ አለኝ፤ እኔም ዝም አልሁ።»

«ምንጩ ውስጥ ጨው አገኘሁ አለኝ» አለ ኢዮስያስ፣ ድምፁ አሁንም ዝግ ብሎ። «ጠዋት ለከተማው አመለክታለሁ አለ። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል አልኩት። ለመንሁት። ሊሄድ ሲል ገፋሁት። ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም። ከሞተ በኋላ ነው ተሸክሜ፣ እዚያ ያገኘሁትን ዶማ ከሥሩ አድርጌ...»

«ስታስቀምጠው አልሞተም ነበር።»

«ምን?»

«ግድግዳውን ቧጥጧል። ለመውጣት ሞክሯል። እኔ እዚሁ ካምፑ ውስጥ ነበርሁ፤ ብትጠራኝ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ኢዮስያስ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ ያሰማው ድምፅ ለቅሶም አይመስል፣ አዳነ እንኳ ፊቱን አዞረ።

በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ የአምባ ጊዮርጊስ የፖሊስ መኪና ናዳውን ተሻግሮ ደረሰ።

«ተጠርጣሪው ሽማግሌ የታሉ?» አለ ሹፌሩ።

ሥርጉት ወደ ኢዮስያስ አመለከተች። እጁን አስረው ከፊት አስቀመጡት። የንብረትን ሬሳ በሸራ ጠቅልለው ከኋላ ጫኑ። ሹፌሩ ሊዘጋ ሲል አያ አለኸኝ ጋቢውን አጣፍቶ የመኪናውን ጠርዝ ጨበጠ።

«ወዴት ነው፣ አያ? እርስዎ እኮ ነፃ ነዎት» አለችው ሥርጉት። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ይኸ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም። ሬሳ ብቻውን አይሄድም። እናቱ አብሮት የነበረ ማን ነው ብላ ብትጠይቅ ማን ይመልስላት?»

ሥርጉት ደግፋ አሳፈረችው። አያ አለኸኝ ከሸራው አጠገብ ተቀመጠና፣ መኪናው በተሰባበረው መንገድ ላይ መንገጫገጭ ሲጀምር፣ ሬሳው እንዳይንከባለል በሁለት እጁ ያዘው።