ሰባተኛዋ መርፌ

ይህን ታሪክ ሰው አልነገረኝም። የደረሰው በእኔው ገላ ላይ ነው። አላምንም የሚል ቢመጣ ሸሚዜን ከፍቼ አሳየዋለሁ።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ካንሳስ፣ ከአንዲት ስንዴ አምራች ከተማ ዳር የተተከለ ድንኳን ውስጥ። ዝናብ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል።

ስሜ ዊንስሎ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ መወጋት ነው።

አዎ፣ መወጋት።

ከከተማ ከተማ በሚዞር ትርኢት ውስጥ፣ ሰው እያየኝ ሴቶች ባርኔጣቸውን ከፀጉራቸው ጋር የሚያያይዙባቸውን አሥራ ሁለት ረጃጅም መርፌዎች ገላዬ ላይ እሰካለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እነቅላቸዋለሁ። አጠገቤ ያሉት እትዬ ሎቲ ደግሞ ብርጭቆ ያኝካሉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አሞስ ናቸው። የእሳቸው መርፌዎች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ጫፋቸው ላይ አረንጓዴ ዶቃ አላቸው። ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሰኳቸው ነበር። ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጎን፣ ክንድ፣ አንገት። ሰባተኛዋን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከልባቸው በላይ ባለው ቆዳ።

ፊታቸው አይቋጠርም ነበር።

እኔን ግን ያመኛል። በጣም ያመኛል። አለቃችን ደግሞ፣ "አንዴ ፊትህ ሲጨማደድ ካየሁ፣ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ" ብሎኛል። መሄጃ የለኝም። እርሻችንን አቧራ ከበላው ቆይቷል።

ግንቦት ላይ፣ እዚያችው ከተማ እንዳለን፣ ጋሽ አሞስ እንደተኙ ሞቱ።

በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው የሥራ ዕቃው አብሮት ይቀበራል። ሰይፍ የሚውጠው ከነሰይፉ፣ እሳት የሚበላው ከነችቦው። መርፌዎቹን የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ እንዳስገባ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

ስድስቱን አስገባሁ።

ሰባተኛዋን... እጅጌዬ ውስጥ ደበቅኋት። ጋሽ አሞስ ሕመም የማያውቁት በእሷ ምክንያት ነው ብዬ አሰብኩ።

አልተሳሳትኩም። በማግስቱ ኪሴ ውስጥ ይዣት መድረክ ላይ ወጣሁ። አሥራ ሁለቱንም መርፌዎቼን ስሰካ ምንም አልተሰማኝም። ምንም። ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ በሰው ይሞላ ጀመር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ማክሰኞ ቀን ነው።

"ውሸቱን ነው! ገላው ጎማ ነው!" ብሎ ጮኸ አንድ ገበሬ።

"ቢሆንስ?" አለው ጓደኛው። "የእኔ ሚስት በምላሷ ከዚህ የባሰ ትወጋኛለች!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ መርፌዎቼን ነቀልኩ። አሥራ ሁለት። ጨረስኩ።

ያኔ ባቴን በረደኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ... አረንጓዴ ዶቃ።

ሳብኩት። ደም የለም። መርፌው ላይ ግን አፈር ተጣብቋል። ጥቁር፣ እርጥብ አፈር።

በዚያ አገር እርጥብ አፈር ካየን ሦስት ዓመታችን ነው።

ኪሴን ዳበስኩ። ሰባተኛዋ እዚያው ናት። ይህች ሌላዋ ናት። ከቀበርኳቸው ከስድስቱ አንዷ።

ረቡዕ ሌላዋ ከጭኔ ወጣች። ሐሙስ ከሆዴ። ዓርብ ከጎኔ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ስለምንሠራ፣ መጀመሪያ ከክንዴ... ከዚያ ከአንገቴ።

ወደ ላይ እየወጡ ነው።

እትዬ ሎቲ እጄን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ወሰዱኝ።

"ስንቱን ነው የቀበርከው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሰባቱንም።"

"ዊንስሎ!"

"...ስድስቱን።"

"አንተ ልጅ! ከሞተ ሰው ትሰርቃለህ?"

"ከመለስኳት ያመኛል፣ እትዬ። ካመመኝ ደግሞ እባረራለሁ።"

"ያምሃል እንጂ አትሞትም። የቀረው ቦታ የት እንደሆነ አታውቅም?"

አውቃለሁ። እጄ ሳላስበው ደረቴ ላይ ሄደ።

"ነገ ሂድ። ሰባቱንም መልስላቸው። ማል።"

ማልኩ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ መቃብሩ ጋ ደረስኩ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቋል። ላዩ ላይ ስድስት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

ከውስጥ ወደ ውጭ የተወጉ።

ስድስቱን መርፌዎች በየቀዳዳቸው ከተትኩ። መግፋት አላስፈለገኝም። ጫፋቸውን ሳስገባ ራሳቸው ገቡ... ቀስ ብለው... እስከ ዶቃቸው፣ ከነዶቃቸው።

ሰባተኛዋን አወጣሁ። እጄ ላይ ብዙ አቆየኋት።

ከዚያ መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። በእሷ ፋንታ ከራሴ መርፌዎች አንዷን መሬቱ ላይ ተከልኩ። ያቺ አልገባችም። እንደቆመች ትቻት ሄድኩ።

"መለስክ?" አሉኝ እትዬ ሎቲ።

"መለስኩ።"

ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የጎደለችዋን በሌላ ተክቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። አንደኛዋን መርፌ ስሰካ አልተሰማኝም። አሥረኛዋንም። አሥራ ሁለተኛዋንም። ሰው አጨበጨበ። እኔም ሳቅሁ። ነቀልኳቸው፤ ልክ አሥራ ሁለት። ባቴን አየሁ፤ ምንም የለም። አንገቴን ዳበስኩ፤ ምንም የለም።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ባዶ።

በዚያች ቅጽበት ሕመሙ መጣ። የአንድ ቀን አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ያልታመምኩት ሕመም በአንድ ላይ መጣ። ተንበረከክሁ። ሰው የትርኢቱ አንድ ክፍል መስሎት የባሰ አጨበጨበ።

እትዬ ሎቲ ብርጭቋቸውን ጥለው ወደ እኔ ሮጡ።

"አትንቀሳቀስ... ደረትህ..."

ከልቤ በላይ፣ ቆዳዬ ላይ፣ አረንጓዴ ዶቃ አለች። መርፌዋ አይታይም። ዶቃዋ ብቻ።

"ይንቀሉልኝ! እባክዎ ይንቀሉልኝ!"

በሁለት ጣታቸው አጥብቀው ያዟት። ሳቡ። እግራቸውን መድረኩ ላይ ተክለው በሙሉ ኃይላቸው ሳቡ።

ከዚያ ድንገት ለቀቋት። ጣቶቻቸውን ትኩር ብለው አዩ። ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ይዘዋል።

"ዊንስሎ..." አሉኝ። "ከወዲያ በኩል የሚስብ ሰው አለ።"