በጭብጦው ስር የተደበቀችው ሽጉጥ

ጧ! አለች ሽጉጧ። ጭሱ የሊቃንን ፊት ሸፈነው። ከዚያስ? ምንም! አተር የምታክለዋ ጥይት የድብራቅን ደረት ነካች፣ ነጠረች፣ እግሩ ስር ወደቀች። በቃ። ድብራቅ ማለት ከዛፍ የሚረዝም፣ ቆዳው ድንጋይ የሆነ ፍጡር ነው። ጎንበስ ብሎ ጥይቷን አነሳና አገላብጦ አያት።

«የዋግዳራ ጀግንነት ይቺ ናት? እኔ እኮ ዝንብ መስላኝ ነበር!»

ዋግዳራ የነሊቃን አገር ናት። ይሄ ድብራቅ የዝናብ ደወሏን ሰርቆ ዋሻው ውስጥ ከሰቀለ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወረደባትም። ወንዙ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ አሁን ደግሞ ሕፃናት መሞት ጀመሩ። ጦርም መድፍም ተሞክሮ አልሆነም። የቀረው ሊቃን ነበር፤ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ከቅድመ አያቱ የወረሳቸውን ሁለት የኪስ ሽጉጦች ይዞ። መዳፍ ውስጥ የሚደበቁ፣ ባሩዳቸው በአፈሙዝ የሚጠቀጠቅ፣ አንዴ ከጮሁ በኋላ ከብረትነት በቀር ምንም የማይጠቅሙ። አብራው የመጣችው ደግሞ ትርሲት ናት፣ አብሮ አደጉ።

«አላልኩህም?» ጮኸች ትርሲት። «አፍንጫው ስር ካልደረስክ እቺ ነገር ጭስ ብቻ ናት! አንተ ደግሞ ከሩቅ ትንጣጣለህ!»

ገና ተናግራ ሳትጨርስ ድብራቅ እጁን ዘረጋና ከወገቧ ጨብጦ አነሳት።

«ተሸንፋችኋል» አለ፣ ድምፁ ዋሻውን እያናወጠ። «በአባቶች ሕግ አጉርሰኝና ሂዱ። ካታለልከኝ ግን ይቺን እጨፈልቃታለሁ።»

ሕጉ ምን መሰላችሁ፣ እዚያ አገር የተሸነፈ አሸናፊውን በእጁ ያጎርሳል። አሸናፊው ማመኑን ለማሳየት ዓይኑን ጨፍኖ ይጎርሳል። «ያጎረሰ አይሞትም፤ የጎረሰ አይገድልም» ይባላል። ድብራቅ ሌባ ነው፣ ጨካኝ ነው፣ ግን ይሄን ሕግ አንድም ቀን አፍርሶ አያውቅም። ያጎረሱት ሁሉ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል።

«አጉርሰው ሊቃን» አለች ትርሲት፣ ትንፋሽ እያጠራት። «በእናቴ ሞት! አጉርሰውና ወደ ቤት እንሂድ። ሌላ መላ አይጠፋም።»

ሌላ መላ አልነበረም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ሊቃን ጀርባውን ሰጥቶ ከስልቻው የበሶ ጭብጦ አወጣ። ሁለተኛዋን ሽጉጥ ከጭብጦው ስር ያዛት።

«ይጉረሱ ጌታዬ።»

ድብራቅ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ። ውስጡ ድንጋይ አልነበረም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ቀይ ሥጋ ነው! የሊቃን እጅ እስከ ክርኑ ገባ። ትርሲት ከላይ ሆና አፈሙዙን አየችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ሁለቱም ያልቃሉ። ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አይሆንም። አይሆንም ሊቃን። እንባዋ ወረደ።

ቃታውን ሳበው።

ያቺ ደረት ላይ የተሳቀባት ትንሽ ነገር፣ ላንቃ ላይ ተደግና ስትጮህ ተራራ ጣለች። ድብራቅ ወደቀ። ጡጫው ግን ከመውደቁ በፊት ተጨበጠ።

ሊቃን የድብራቅን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቆ ትርሲትን አወጣት። አልተነፈሰችም። ደወሉን በአንድ ትከሻ፣ እሷን በሌላው ተሸክሞ አገሩ ገባ፤ ደወሉ ተደወለ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ሰው ሁሉ ጭቃ ላይ ይጨፍራል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ዝናቡ ስር ይዘው አፋቸውን ያስከፍታሉ፣ «ጀግናችን ሊቃን!» ይባላል።

የትርሲት እናት እማማ ዘገየች ብቻ አልጨፈሩም። የልጃቸውን ሬሳ አቅፈው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ለአገሯ ወዳ ሞተች ይለኛል። አንተ እዚያው ነበርክ፣ እውነቱን ንገረኝ። እሺ ብላህ ነው?»

ሊቃን አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እሳቸው እየጠበቁት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?