ለመርከቡ እራት የተገዛው ቱታ

«እንዴት ነኝ?»

ዶርቃ ከስልኳ ቀና ስትል አባቷ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ጥቁር ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። በሁለቱም ጎን ነጭ መስመር የወረደበት፣ ዚፑ እስከ አገጩ የተዘጋ፣ ገና የሱቅ ሽታው ያልለቀቀ ቱታ ነው። ከሥር ነጭ ስኒከር አድርጓል። እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው ግራ ገብቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል።

«ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለመርከቡ እራት ነዋ!»

እናቷ አያልነሽ ማንኪያ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከታች እስከ ላይም ደገመችው።

«ዘገየ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ከካፒቴኑ ጋር እራት ልትበላ ነው ወይስ ልትሯሯጥ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሕጉ ነው። ‹ሽፖርትሊሽ› ይላል። የስፖርት ልብስ ማለት ነው፤ ዶርቃ ናት ያነበበችልኝ። እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ሲባል አልሰማሽም?»

ዶርቃ ክው አለች።

ዘገየ ማለት ሙሉ ልብስ ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ስለሆነ ሥራ ላይ ቢጫ ሰደርያ ያደርጋል፤ እሷን ካወለቀ ግን ወዲያው ኮትና ከረባት ነው። ለአምልኮ በኮት፣ ለወላጆች ስብሰባ በኮት። ቤተ ክርስቲያናቸው ማይን ወንዝ ዳር ሥጋ ሊጠብስ የወጣ ቀን እንኳ፣ ሰው ሁሉ በቁምጣ ሲንጎራደድ፣ እሱ በኮት ነበር። ጋሉስ በሚባለው ሰፈራቸው ከቤታቸው ሥር ያለው አትክልት ሻጭ «ሄር ዲሬክቶር»፣ አቶ ዳይሬክተር፣ እያለ ነው ቲማቲም የሚመዝንለት። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዕድሜው ቱታ የገዛው ልጁ ስላለችው ብቻ ነው።

የመርከቡ ሽርሽር ደግሞ ቀልድ አልነበረም። የአባቷና የእናቷ ጋብቻ ሃያ ዓመት ስለሞላው፣ ቦከንሃይም ሰፈር በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰበው ቤተ ክርስቲያናቸው አዋጥቶ የገዛላቸው ስጦታ ነው። መርከቡ ቅዳሜ ከፍራንክፈርት ተነስቶ በማይን ወንዝ ወደ ራይን ይወርዳል፤ ሁለት ሌሊት ይታደርበታል። ሽማግሌው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ትኬቱን ሲያስረክቡ፣ «ከካፒቴኑ ጋር የምትነሱትን ፎቶ ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው እሁድ በስክሪን እናያለን» ብለው አዳራሹን በእልልታ ሞልተውት ነበር።

ያቺ «ሽፖርትሊሽ» የምትባል ቃል የመጣችው ከመርከቡ በተላከ ኢሜይል ነው። አባቷ ስልኩን ዘርግቶ «ወንዶች ለእራት ምን ይልበሱ ነው የሚለው?» ሲላት የዶርቃ ጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ነበር። በዚያ ቤት የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ዶርቃ፣ ቀጠሮ ሲያዝ ዶርቃ፣ አከራዩ ሲደውል ዶርቃ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አንዳንዴ የቤቱ ጸሐፊ ሆና የተቀጠረች ይመስላታል።

ጀርመንኛው ገብቷታል። የጠፋባት አማርኛው ነው። «ሽፖርትሊሽ-ኤሌጋንት» ዘና ያለ ግን ያማረ አለባበስ ማለት እንደሆነ ፍራንክፈርት የተወለደ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በአማርኛ ግን ምን ይሉታል? «የስፖርት ዓይነት ልብስ… ግን ቆንጆ» አለችና ወደ ቪዲዮዋ ተመለሰች። አባቷም ሄዶ የስፖርት ዓይነት፣ ግን ቆንጆ ልብስ ገዛ።

«ዶርቃ፣» አለች እናቷ አባቷ ሊቀይር ሲገባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነት እንደዛ ይላል?»

«ልየው» ብላ የአባቷን ስልክ ይዛ ክፍሏ ገባች።

ኢሜይሉን ከፍታ ይህን ጊዜ ቃል በቃል አነበበችው። ወንዶች ለእራት ረጅም ሱሪና ባለኮሌታ ሸሚዝ፣ ቢቻል ኮት። የካፒቴኑ እራት ምሽት ላይ ሙሉ ልብስ። ከሥር ደግሞ በደማቁ፣ ቁምጣና ቱታ ለብሰው ወደ መመገቢያ አዳራሹ እንዳይገቡ በትሕትና እንጠይቃለን ይላል። ቱታ! ሌላ ልብስ ጠፍቶ በስሙ የተጠራው ቱታ ነው። አባቷ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ እናቷ በአዲሱ ቀሚሷ ከኋላው ቆማ፣ አስተናጋጁን በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛው «ልጄ ናት ያነበበችልኝ» ሲለው ታያት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

እሱስ ባልከፋ። ቱታውን ለማስተካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ያስፈራት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። አባቷ «በዚህ ከተሳሳትሽ የሐኪሟንስ?» ያላት እንደሆነ ምን ትመልሳለች?

ባለፈው ወር ለጀርባው ሕመም አብራው የሄደችው እሷ ነበረች። ሐኪሟ የጀርባውን ፎቶ እያሳየች «ባንድሻይበ» አለች፤ በአከርካሪው አጥንቶች መሀል ያለው ነገር ከቦታው መውጣት ጀምሯል። አለቆቹን ቀለል ያለ ሥራ ይጠይቅ፣ ከባድ ዕቃ ግን በፍጹም እንዳያነሳ አለች። ዶርቃ ሁሉም ገብቷታል። ለባንድሻይበ አማርኛ ስላጣችለት ዘለለችው። ቀጥላ «አታንሳ» ልትለው ስትል ግን አባቷን አየችው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከረባቱን እየነካካ፣ አፏን አፏን ያያል። ሻንጣ ጫኝ ሻንጣ አታንሳ ሲባል ምን ይውጠዋል?

«ከባድ ዕቃ አታብዛ ነው የምትለው» አለችው።

ፊቱ ፈካ። «እኔ ደግሞ መቼ አበዛሁ!» ብሎ ሳቀ። ክኒኑን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያው እንደ ድሮው እየጫነ ነው።

እናቷ ከወጥ ቤት ተጣራች። «አየሽው?»

«ገና ነኝ» አለች ዶርቃ፣ ስልኩን አልጋው ላይ ደፍታ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሽትራሰንባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ለሳፍያ ሁሉንም ነገረቻት። ሳፍያ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት፤ እሷም ለእናቷ አስተርጓሚ ናት።

«ቱታ? ከካፒቴን ጋር? ወላሂ ልሞት ነው!» ሳፍያ መቀመጫው ላይ ተጠቅልላ ሳቀች።

«አትሳቂ።»

«እሺ፣ እሺ። ቀላል ነው እኮ። መርከቡ ሕጉን ቀየረ በይው፣ አለቀ። እሱ ሙሉ ልብሱን ይለብሳል፣ ያንቺ ስም አይነሳም።»

«የሐኪሟስ?»

ሳፍያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እሱን ተይው። ማን ጠየቀሽ? እኔ ራሴ አስተማሪዋ ስለኔ የምትለውን ለእማዬ ግማሹን ነው የምነግራት። ሁላችንም እንደዛ ነን።»

«የአስተማሪ ወሬ ጀርባ አይሰብርም።»

ሳፍያ እስከሚወርዱበት ፌርማታ ድረስ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

ዶርቃ ቤት ስትገባ አባቷ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሮቹን ሶፋው ላይ ሰቅሎ ጣሪያ ያያል። የሥራ ሱሪውን ገና አልቀየረም።

«ምነው አባዬ?»

«ምንም አይደል፤ ወለሉ ይሻለኛል ብዬ ነው። የዕረፍት ሰሞን አይደል? ሰዉ ቤቱን ነቅሎ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንዷ ሻንጣ ውስጥ ሰው ሳይኖር አይቀርም።» የሶፋውን ጠርዝ ይዞ ተነሳ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጥርሱን ነከሰና ልጁ እንዳታየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዶርቃ ግን አየች።

ቱታው ወንበር ላይ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቷ መኝታ ቤት ውስጥ ለነገው ጉዞ ሻንጣ ታዘጋጃለች። የሳፍያ መላ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ መርከቡ…»

«መርከቡ ምን ሆነ?» አለ ደንግጦ። «ቀረ እንዳትዪኝ!»

«አልቀረም።» መርከቡ ሕጉን ቀየረ ብትለው ሳይጠራጠር ያምናታል። እሷ ያለችውን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሽፖርትሊሽ ማለት ቱታ ማለት አይደለም። ቱታ እንዲያውም ክልክል ነው። ጀርመንኛው ገብቶኝ ነበር፣ አማርኛው ጠፋብኝ፣ ዝም ብዬ ባፌ የመጣልኝን ነገርኩህ። ካፒቴኑ ጋር በሙሉ ልብስ ነው የሚገባው።»

መኝታ ቤት ውስጥ የእናቷ ኮቴ ቆመ። አባቷ ቱታውን አንስቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«በሙሉ ልብስ?»

«በሙሉ ልብስ።»

«ከረባትስ?»

«ከረባትም።»

«እኔኮ!» ብሎ ጭኑን መታ። «እኔኮ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር! ካፒቴን የሚያህል ሰው እንግዳውን በቱታ እራት ይጋብዛል? እያልኩ ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

«ተመስገን ጌታዬ!» አለች አያልነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳቋ እንባ እያስወጣት። «እኔ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ ሰበብ ስፈልግ ነው የዋልኩት።»

ቤቱ በአንዴ ቀለለ። ዘገየ ሁለቱን አስከትሎ መኝታ ቤት ገባ፤ ግራጫ ሙሉ ልብሱን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ለበሰና ከመስተዋቱ ፊት ቆመ። የለመደው ትከሻው ቦታው ተመለሰ። አያልነሽ ወይን ጠጁን ከረባት ስትሰጠው እሱ ሰማያዊውን መረጠ፤ ሰማያዊውን ስትሰጠው ወይን ጠጁን። ማንም ዶርቃን አልተቆጣም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ይቅርታ፣ አባዬ» አለችው።

«ለምኑ?» ወደ እሷ መጥቶ ጉንጯን ቆነጠጠ። «ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። እንኳንም የልብስ ሆነ! የሐኪም ነገር ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር።» ሳቀና ወደ ሚስቱ ዞረ። «የሐኪሟን ቃል ስትተረጉምልኝ ባየሻት! ቆም ብላ፣ አስባ፣ ተጠንቅቃ። አስተርጓሚ ማለት እንደዛ ነው።»

ዶርቃ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። አለቀ እኮ። የፈራችውን ጥያቄ እሱ ራሱ አንስቶ እሱ ራሱ መልሶታል። ክፍሏ ገብታ በሯን ብትዘጋ የሚከተላት የለም። እነሱ ነገ መርከብ ላይ ይወጣሉ፣ ካፒቴኑ እጁን ይጨብጠዋል፣ ፎቶው ያምራል። ከዚያ ተመልሶ ቢጫ ሰደርያውን ያደርጋል፣ እሷ ባቀለለችው ቃል ተማምኖ የሰዉን ሻንጣ ያነሳል። እንዲህ ስታስበው በጣም ፈራች፤ የፈራችው ግን ለራሷ አልነበረም።

እናቷ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች። ዘገየ ከረባቱን እንዳሰረ ጎንበስ ብሎ የሻንጣውን እጀታ ያዘ።

«ቆይ፣ አባዬ።» ዶርቃ እጇን በእጁ ላይ አደረገች። «ተወው።»

«ምነው? ላባ እኮ ናት። ሁለት ሸሚዝና የእናትሽ ጫማ ብቻ ናቸው።»

«አታንሳው።»

ጣቶቹን ከእጀታው አላቀቀቻቸውና ሻንጣውን ራሷ ከአልጋው አወረደችው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችለት። አባቷ ግራ እንደተጋባ ከነሙሉ ልብሱ ተቀመጠ። እናቷም አልወጣችም።

«ሐኪሟ ‹አታብዛ› አላለችም» አለችው። «‹አታንሳ› ነው ያለችው። በፍጹም ነው ያለችው። እንዳትደነግጥ ብዬ እኔ ነኝ ያሳነስኩት። የዘለልኩት ቃልም አለ፤ አማርኛውን አላውቀውም።»

ዘገየ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እጁን ወደ አንገቱ ሰድዶ ከረባቱን ፈታ።

«ሐኪሟ እንዳለችው በጀርመንኛው ንገሪኝ» አለ። «ቀስ እያልሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ።»