ስም ለሌለው ተቀባይ

ዝላቲና በዚያ ማለዳ የፈራችው ባቡሩን ብቻ ነበር። ከሩሴ ማልዶ የተነሣው ባቡር ከቀትር በኋላ እርሷ ወዳለችበት ፕሎቭዲቭ ይገባል፤ በውስጡም ቬሊን አለ። አምስት ወር ሙሉ በቃላቱ ብቻ የምታውቀውን ሰው ዛሬ በዓይኗ ልታየው ነው።

የተዋወቁት በቅሬታ ነበር። እርሷ የጽጌረዳ ውሃ በሚሸጥ አንድ ቤት ለደንበኞች ደብዳቤ ታዘጋጃለች፤ እርሱ ደግሞ ዝግጁ የኢሜይል ንድፎችን ሠርቶ በበይነ መረብ ገበያ ይሸጣል። በኖቬምበር የገዛችው ንድፍ ስልክ ላይ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር እየፈሰሰ አስቸገራትና ቆጣ ብላ ጻፈችለት። መልሱ ሰዓት አልፈጀም።

«እመቤቴ፣ ንድፌ ሆዱን ለቆ ስላሳፈረኝ ይቅርታ። ቀበቶውን አጥብቄለታለሁ፤ እባክዎ ይሞክሩት።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ቀስ በቀስ «አንቺ» ሆነ። በማርች ሃያ ደግሞ ያ ደብዳቤ መጣ፤ ደጋግማ ከማንበቧ የተነሣ ዓይኗን ጨፍና የምትወጣው ደብዳቤ። «ፊትሽን ሳላይ ዝምታሽን ለመድሁት» ይላል። «የምትፈሪ ከሆነ እኔም እፈራለሁ፤ እንግዲያስ አብረን እንፍራ።»

ና አለችው።

ባቡሩ እስኪደርስ ሥራ ይዞኝ ይቆይ ብላ ለደንበኞች የሚላከውን የፋሲካ ግብዣ ደብዳቤ ጀመረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገበያውን አስሶ ንድፍ ያመጣላታል፤ እርሷ መጠየቅ ብቻ ነው። «ሞቅ ያለ፣ ከልብ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ፈልግልኝ» ብላ ጻፈችለት።

«ለጠየቁት ስሜት የሚስማሙ ሦስት ንድፎች አግኝቻለሁ» አላት።

ሁለቱን አለፈቻቸው። በሦስተኛው ላይ ናሙና ሆኖ የተሞላውን ጽሑፍ ማንበብ ስትጀምር ጣቷ ቆመ። *ፊትሽን ሳላይ ዝምታሽን ለመድሁት።* ቁልቁል ወረደች። *እንግዲያስ አብረን እንፍራ።* ከሥሩ የሠሪው ስም፦ ቬሊን። ለገበያ የቀረበው ፌብሩዋሪ 11፤ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። የተሸጠው 212 ጊዜ።

ለእርሷ ከመላኩ ከአምስት ሳምንት በፊት።

ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ በእናቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይታዋለች። አባቷ ከቫሌንሲያ የላካቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር፤ አንዱ ለእናቷ፣ ሌላው በስሕተት ወደ እነርሱ ቤት የመጣ፣ ለማታውቃት ሴት የተጻፈ። ከስሙ በቀር አንዲት ቃል አይለያዩም ነበር። እናቷ አላለቀሰችም፤ ሁለቱን ወረቀቶች በመዳፏ ደጋግማ ስታስተካክል ዋለች እንጂ።

«አንቺ ልጅ፣ ደም የለሽም እኮ!» አሉ ዕቃ የሚያሽጉት እትዬ ስታንካ፣ ካርቶን እንደታቀፉ።

ዝላቲና የኮምፒዩተሩን ማያ አዞረችላቸው። እትዬ ስታንካ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ።

«ታዲያ ወንድ የሚጽፈውን ከየት ያምጣው? የእኔው ሰውዬ ከሬዲዮ ዘፈን ገልብጦ ነው የጻፈልኝ። ሠላሳ ዓመት ኖርንበት!»

«እርሱ ከሰው አልገለበጠም፣ እትዬ። ሲቸረችረው የከረመውን ነው የላከልኝ።»

እትዬ ስታንካ ካርቶኑን አስቀመጡ። «እንዲያ ከሆነ ፊቱን አይተሽ ጠይቂው። ማያ ፊት የለውም፤ ምኑን ታነቢበታለሽ?»

ወደ ጣቢያው የሄደችው ልትቀበለው ሳይሆን ልትሸኘው ነበር። የምትለውን በመንገድ ሁሉ ስታጠና መጣች፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ግን ያጠናችው በሙሉ ጠፋባት። ከሦስተኛው ፉርጎ አንድ ረጅም ወጣት ወረደ፤ በእጁ አንጓ ላይ፣ በአገሩ ልማድ ሽመላ እስክትታይ የማይፈታው የማርች ቀይና ነጭ ክር ታስሯል። ፊቱ ከእርሷ ይልቅ ነጥቷል።

«ዝላቲና... ከመሳደብሽ በፊት...»

«ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ስንት ሴት ናት አብራህ የፈራችው?»

በመካከላቸው ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች አለፉ። እርሷ እጆቹን አየች፤ የሻንጣውን እጀታ እንደ ገደል ሣር ጨብጠውታል።

«አየሽው ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «ለአንቺ ነው የጻፍሁት። መላክ ፈራሁ። በሠራሁት ንድፍ ውስጥ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ከተትሁት። ከዚያ ንድፉን ለገበያ ሳወጣ ደብዳቤው ውስጡ ቀረ።»

«ቀረ? እንዲህ በቀላሉ?»

«የፈራሁትን ነገር ዞሬ አላይም። በሽታዬ ነው።»

«ደስ የሚል ተረት ነው፤ ለመቶኛ ጊዜ የምትተርከው ይመስላል።»

«ዛሬ ባቡር ውስጥ ሳለሁ ከቡርጋስ አንድ የጥርስ ሐኪም ጻፈልኝ» አለ። «ንድፉን ገዝቶ ጽሑፉን ለውጧል። የተቀባዩ ስም የሚገባበትን ቦታ ግን አልነካም። ስም ያልተመዘገበለት ደንበኛ ሲያጋጥም በምትኩ ምን እንዲወጣ እንዳስቀመጥሁ... ራስሽ ሞክሪው። ስሙን ባዶ ተዪው።»

ያንን ቦታ ታውቀዋለች። ንድፍ ሠሪ ሁሉ «ደንበኛችን» ብሎ ይሞላዋል፤ ገዢም መኖሩን ይረሳዋል። ስልኳን አወጣች። ንድፉን ከፍታ፣ ስሙን ባዶ ትታ፣ ወደ ራሷ ላከችው። ስልኩ በመዳፏ ላይ ነዘረ።

*ውድ ዝላቲና፣* ይላል።

ቀኑን ደግማ አየችው። ፌብሩዋሪ 11፤ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ስሟ ገና ከመጀመሪያው ውስጡ ነበር፤ ማለዳ የከሰሰው ቀን አሁን ጠበቃው ሆኖ ቆመ። ያን ቀን በመካከላቸው ስለ ፊደል መጠን እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም ነበር።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«‹ውድ ዝላቲና፣ ጥርስዎን የሚያጸዱበት ጊዜ ደርሷል› የሚል ደብዳቤ ለሦስት ወንዶች ደርሷቸዋል። የአንዱ ሚስት አይታው ቤቱ ታምሷል። ‹ዝላቲና ማናት?› ይለኛል።»

ሳቋን ዋጠችው፤ ዓይኗ ግን ከዳትና ሞላ። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ያታልለኛል ከሚለው ወጥቶ፣ እውነቱን ከሆነስ ወደሚለው ተዛወረ። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እርሱ ደብዳቤውን ከንድፉ ሰረዘ፤ በስሟ ቦታ «ደንበኛችን» ብሎ ተካ። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ለሐኪሙ መልሱን ራሷ ጻፈች፦

«ጌታዬ፣ ዝላቲና ይህን የምትጽፍልዎ ናት። ጥርሴ ደህና ነው። ለደንበኛዎ ሚስት ባሏ ንጹሕ መሆኑን ይንገሩልኝ፤ ጥፋተኛው አጠገቤ ተቀምጧል።»

«ልላከው?» አለችው።

«አብረን» አለ። ሁለት ጣቶች በአንዲት ቁልፍ ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር።